በስድሳ ሦስት ዓመቴ ወስፌ ጨበጥኩ

የባንዴጅ መቀሴ ዕድሜ ከትዳሬ ይበልጣል። በ1976 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስጀምር ከመጀመሪያው ደመወዜ ቆርጬ የገዛኋት ናት። ከሁለቱ ስለቶቿ የአንደኛው ጫፍ ሹል አይደለም፤ እንደ ምስር ፍሬ ክብ ነው። በፋሻውና በበሽተኛው ገላ መካከል ስትገባ እንዳትወጋ ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራችው። በሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሎቴ ስንት ጋዎን እንደቀደደችብኝ ብትጠይቁኝ ቁጥሩን አላውቀውም። ቀዳዳው ግን ሁልጊዜ እዚያው ነው፤ በቀኝ ኪሴ ታችኛው ጥግ። ስጠቅመው፣ መልሳ ስትቀደው፣ ስጠቅመው ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ በነርስነት ተመርቃ ከሐዋሳ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። መቀሷን ለእሷ ላወርሳት ወሰንኩ። በፌስታል ጠቅልሎ መስጠቱ ግን አልሆነልኝም። እንደ ፖሊስ ሽጉጥ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ በአንድ እጅ ተመዝዞ በአንድ እጅ የሚመለስ የቆዳ ማደሪያ ብሠራላትስ አልኩ። ገዝቼ ሳይሆን በገዛ እጄ።

ስሙ ራሱ ትንሽ አከራከረን። የጩቤና የጎራዴ ማደሪያ አፎት እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። የሽጉጡን ብዙ ሰው ማህደር ይለዋል። ዳዊት የሚቀመጥበት፣ ካህናቱ በማንገቻ ትከሻቸው ላይ የሚያወርዱት የቆዳ ከረጢትም ማህደር ነው። መጽሐፉም መሣሪያውም በአንድ ስም ከሚጠራ ቤት ማደራቸው ይገርመኛል። የእኔዋ ስለት ስላላት አፎት አልኩት።

መሃል ከተማ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ዣንጥላውን ተክሎ የሚውል ጫማ ሰፊ አለ። ጫማዬን ሲጠግንልኝ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። እንደ አብዛኛው የከተማችን ሰው «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ሐሳቤን ስነግረው ሳቀ።

«ይተዉት ሲስተር፣ እኔ ልስፋልዎት። ለከሰዓት ይደርሳል።»

«አይ፣ ራሴ ነኝ የምሰፋው። አንተ አሳየኝ።»

«እሺ፤ ጣትዎን ሲወጋዎት ግን እኔን እንዳይራገሙኝ።»

ከጎኑ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለአንድ ጠዋት ያሰብኩት ነገር ከአንድ ወር በላይ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ቆዳ ነበር። ሁለት ቁራጭ አውጥቶ በቢላው ጠርዛቸውን ቆረጠና «ውስጡን ይዩት» አለኝ። አንደኛው ለጫማ ፊት የሚሆነው ለስላሳ ቆዳ ነው። ላይኛው ገጹ ጥቁር ቢሆንም የተቆረጠው ጠርዝ አመድማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህ በክሮም ጨው የለፋ ነው። ሞጆና አዲስ አበባ ያሉት ፋብሪካዎቻችን በአብዛኛው የሚያለፉት በዚህ መንገድ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ለስላሳ ይሆናል፣ ውሃም እንደልቡ አይጠጣም። ሁለተኛው ደረቅና ወፍራም፣ ለሶል የሚሆን ነው፤ ከላይ እስከ ውስጥ ቡናማ። እሱ የለፋው ከዛፍ ልጣጭ በሚወጣ ማልፊያ ነው። ጫማ ሰፊው የውሃ ጠብታ ጣለበት። ጠብታዋ ሰርጋ ገባችና ጠቁሮ ቀረ። ክሮሙ ላይ የጣላት ግን ክብ እንደሆነች ተንከባለለች።

ለምን እንደሚያሳየኝ ያን ዕለት አልገባኝም። ዓይኔ የሄደው ለስላሳው ላይ ነበርና እሱን ገዛሁ።

እግረ መንገዴን ስለ ቆዳችን አንድ ነገር ልበል። ልጅ ሆነን የበዓል ማግስት «ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞረውን ነጋዴ እናቶቻችን በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። የበጉ ቆዳ ዋጋ የአንድ ነገር መግዣ ነበረች። ዛሬ ግን በፋሲካና በአረፋ ማግስት በየሰፈሩ ቆሻሻ ገንዳ ላይ የበግና የፍየል ቆዳ ተጥሎ ታያላችሁ፤ ገዢ የለውም። ያው የደጋ በጋችን ቆዳ ነው በውጭው ዓለም ለእጅ ጓንት ተፈላጊ የሆነው። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ በገዛ ስሙ የሚታወቅ ነው። ከሚጣለውም ሌላ ብዙው ከብቱ በሕይወት ሳለ ይበላሻል። እከክ፣ ቅማልና መዥገር ገጹን ይበሱታል። ለምልክትም ለሕክምናም ብለን የምንተኩሰው ጠባሳ ይተዋል። የሚገፈውም ሰው በችኮላ ይቦጫጭቀዋል። ጫማ ሰፊው ከገዛሁት ቁራጭ ላይ እንደ ክትባት ጠባሳ ነጠብ ነጠብ ያለውን እያሳየኝ «ይቺ እከክ ናት» ሲለኝ የሙያ ባልደረባ ያገኘሁ መሰለኝ።

ከዚያ ካርቶን። ቆዳ ከመቁረጥ በፊት ልኩን በካርቶን ማውጣት ግድ ነው፤ ካርቶን ቢበላሽ ይጣላል፣ ቆዳ ከተቆረጠ ግን ተቆረጠ። መቀሷን አስተኝቼ ዙሪያዋን በእርሳስ ከብቤ፣ ለስፌት ግማሽ ሳንቲ ጨምሬ ሁለት ቅጂ ቆረጥኩ። ለቆዳው የተጠቀምኩት የቀዶ ሕክምና ምላጭ ነው። ቁጥር 22 ምላጭ በእጀታው ላይ ሲገባ እጄ ያውቀዋል። ጫማ ሰፊው ሞክሮት «ይሄማ ከእኔ ይበልጣል» ብሎ እጀታውን ሊገዛኝ ጠይቆኝ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ። ምላጩን ወደ ራሳችሁ አትሳቡት፤ የግራ እጃችሁ ጣቶችም መንገዱ ላይ አይሁኑ። ድንገተኛ ክፍል እያለሁ እንደዚህ ያለ የቢላ ቁርጥ ብዙ ሰፍቻለሁ።

የተቆረጠውን ወስፌና መርፌ ተውሼ ቤቴ ወሰድኩት። የቀዳዳዎቹን ርቀት እኩል ለማድረግ የገበታ ሹካ በቂ ነው፤ ከጠርዙ ገባ ብሎ በተሰመረው መስመር ላይ እየተጫነ ሲሄድ ጥርሶቹ ምልክት ይተዋሉ። በየአምስት ሚሊ ሜትሩ አንድ፣ በጠቅላላው 44 ቀዳዳ ሆነ። ወስፌው ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ዘመም ካለ ከፊት ያማረው ቀዳዳ ከጀርባ ጠርዙን በስቶ ይወጣል። የእኔ ከ44ቱ ዘጠኙ በጀርባ በኩል እንደ ሰካራም ተንገዳግደው ነበር።

ስፌቱ ላይ ግን ተመክቼ ነበር። ቆዳ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ ያውም በሕይወት ያለውን። በአማርኛችን የሰው ገላም የከብት ገፈፋም አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ቆዳ። ሆኖም ከሐኪም ስፌት ጋር የሚያገናኘው ብዙ የለም። የሰው ቁስል ሲሰፋ እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ይቋጠራል፤ አንዱ ቢፈታ ሌላው ይይዛል፤ ቢያመረቅዝ አንዱን ብቻ ፈትቶ ማፍሰስ ይቻላል። ክሩንም ማጥበቅ አይገባም። ቁስሉ ያብጣልና ደሙ እንዳይታገድ ከንፈር ለከንፈር መንካቱ ይበቃል። ይህ ልማድ ሠላሳ ስምንት ዓመት እጄ ላይ ኖሮ እንዴት ይልቀቀኝ?

ጫማ ሰፊው የመጀመሪያዎቹን አሥር ስፌቶች አይቶ «ሲስተር፣ ይሄ ቆዳ አያብጥም» አለኝ። «ይሳቡት! አያመውም።»

የሚሰፋው በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው። ክሩ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የእኔ ስፌት 22 ሳንቲ ስለነበር ወደ 90 ሳንቲ ክር ወሰደብኝ። መጀመሪያ በሰም ይታሻል፤ ሰሙ ክሩን ያጠነክረዋል፣ ውሃ ይከለክለዋል፣ ቀዳዳውም ውስጥ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከሁለቱ ጫፎች መርፌ ይገባና በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንደኛው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ክር ስላለ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ስፌቱን አይለቅም። የመኪና ስፌት ግን ሁለቱ ክሮች መሐል ላይ ተቆላልፈው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ሲበጠስ የሌላውም መያዣ ይላላል። ቦርሳችሁ ከአንድ ክር መበጠስ ተነሥቶ ዘርዘር እያለ የሚተረተረው ለዚህ ነው።

በስለቱ በኩል ደግሞ በሁለቱ ቆዳ መካከል ጣት የማትሞላ ቁራጭ ቆዳ ተጨምራ አብራ ትሰፋለች። ስለቱ ሲገባ የሚነካው ያቺን ነው እንጂ ክሩን አይደለም። ትንሽ ነገር ናት። እሷን የረሳ ሰው ግን በየቀኑ የገዛ ስፌቱን ሲቆርጥ ይውላል።

ጨርሼ መቀሷን ላስገባ ስል ግማሽ ላይ ተሰነቀረች። ለካ መቀስ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ አይደለችም። ብሎኗ ያለበት ቦታ ወፍራም ነው፤ ቆዳው ያንን ውፍረት ወጥቶ መውረድ ስላለበት ከሁለቱም ጎን ትርፍ ያስፈልገዋል። እኔ የለካሁት ጥላዋን ነበር። አስጨንቄ ባስገባትም ያ ለስላሳ ቆዳ ቅርጽ አልያዘም፤ መቀሷ ስትወጣ ተኮራምቶ አፉን ይዘጋል። በአንድ እጅ መመለስ የማይታሰብ ነበር።

የመጀመሪያው አፎቴ ቤት ውስጥ አለ። የፊደል ጥናት ደብተርን ማን ይጥላል?

እዚህ ላይ ወንድሜ መጣ። ታላቄ ነው፣ «ጋሼ» ነው የምለው። በረንዳ ላይ ወስፌ ይዤ፣ ጉልበቴ ላይ ቆዳ ዘርግቼ አገኘኝ። ቡናውን እስኪጨርስ ምንም አላለም። ሲነሣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ሁሉ ዓመት ነጭ ለብሰሽ፣ በስተርጅናሽ ፋቂ ልትባዪ ነው?» አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲጠይቀው «ቦርሳ ቢጤ ትሠራለች» እንደሚል ሰማሁ።

ፋቂ። ቃሉ የሥራ ስም ነው፤ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ማለት ነው። እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ በየብሔረሰቡ ቋንቋ አቻው አለ፤ እዚህ ልዘርዝረው አልፈልግም። በጋብቻ አይደረስባቸውም፣ ከማኅበር አይቀላቀሉም፣ በአንዳንድ ቦታ ቡዳ ናቸው ይባላሉ። የጋሻው ቆዳ፣ የዝናሩ፣ የአገልግሉ፣ የስልቻው፣ እናቶቻችን የወለዱበት ጀንዲ ሳይቀር ከእነሱ እጅ የወጣ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው፣ ተሳዳቢው ንጉሡን እንደሰደበ ተቆጥሮ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ወንድሜ የሚናገረው ቃል ግን ከአዋጁ በፊት የነበረው ነው። ጋሼ ቅዳሜም እሑድም ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነውና፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የሰነበተው በማን ቤት እንደሆነ በሐዋርያት ሥራ ላይ እንዲያነብ ነገርኩት። በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። አንብቦት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እሱ ላይ ለመፍረድ ግን አፍ የለኝም። ይህን ጽሑፍ ስጀምርም ልተወው ያሰብኩት ክፍል ይኸው ነው።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የተቅማጥ ወቅት ነበርና ከኮሪደሩ ጥግ ኦ አር ኤስ የሚጠጣበት አግዳሚ ነበረን፤ አንድ ትልቅ ጆግ፣ ከአጠገቡ ጥቂት ኩባያዎች። እናቶች ተሰልፈው ተቀምጠው ለልጆቻቸው በማንኪያ ይሰጣሉ። አንድ ቀን ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ ሕፃን ያዘለች ሴት ገባች። ከአግዳሚው ላይ ሹክሹክታ ተነሣ፣ ቀጥሎ አንዷ ኩባያዋን አስቀመጠች፣ ሌላዋ ልጇን ይዛ ተነሣች። «የፋቂ ሚስት ናት» አሉኝ። «በእኛ ኩባያ ልታጠጣ ነው?»

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ምን ማለት እንዳለብኝ ተምሬያለሁ፤ ተቅማጥ በዘር እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ያደረግሁት ግን ሌላ ነው። ሰልፉ እንዳይበተን፣ ሌሎቹ ልጆች ሳይጠጡ እንዳይሄዱ ብዬ ለራሴ ነገርኩትና፣ ሴቲቱን ውጭ ጣሪያው ክፈፍ ሥር አስቀመጥኳት። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አጥቤ በእሱ ሰጠኋት። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እስከ ማታ በማንኪያ ስታጠጣው ዋለች፤ ልጁ ሸና፣ አለቀሰ፣ ዳነ። ሄዳ ሳያት ጣሳው ታጥቦ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደፍቶ ነበር። አመስግናኝ ነው የሄደችው።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አንድ ከሰዓት ሁለተኛውን አፎት ስቆርጥ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለጫማ ሰፊው ነገርኩት። የያዘውን ጫማ ሰፍቶ እስኪጨርስ አንገቱን አላቀናም። ከዚያ «እኛ ጣሳ አልነበረም» አለ። «ቅል ነበር። ጎረቤት ስንሄድ የሚሰጠን የራሳችን ቅል ነበረን፣ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ።» አባቱ ቆዳ ያለፋ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ደንበኛው ስሆን ከየት እንደመጣ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ሌላ ምንም አላለም። ትንሽ ቆይቶ «ምላጩን አጥብቀው አይጫኑት፣ ሁለቴ ይመላለሱበት» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማስተማሩ ተለወጠ። አባቱ ትኩስ ቆዳ በችካል ወጥሮ እንዴት እንደሚፍቅ፣ በእምቧይ ፍሬ እንዴት እንደሚያሽ፣ ቆዳው እስኪለዝብ በእግር እንዴት እንደሚረገጥ ይነግረኝ ጀመር። እኔም በኮንሶ ቆዳ ፋቂዎቹ ሴቶች እንደሆኑ፣ ከድንጋይ ጠርበው በሚሠሩት መፋቂያ እንደሚሠሩና ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር መጥተው እንዳጠኗቸው ነገርኩት። የድንጋይ መሣሪያ የጥንት ወንዶች ሥራ ብቻ ይመስላቸው ለነበሩ ሊቃውንት እነዚህ ሴቶች መልስ ሆነዋል። እሱም «ታዲያ እርስዎ ምን ያሳፍርዎታል?» አለኝ።

ሁለተኛው አፎት በዚያ ደረቅና ቡናማ ቆዳ ነው የተሠራው። የውሃ ጠብታዋ ሰርጋ የገባችበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። በዛፍ ልጣጭ የለፋ ቆዳ ሲርስ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ክሮሙ ይህን አያደርግም። ልኩን ሳወጣ መቀሷን በካርቶን መሐል አስገብቼ ካርቶኑን በሁለቱም ጎን በጣቴ ተጫንኩት፤ የታጠፈበትን ተከትዬ አሰመርኩ። ሰፍቼ ስጨርስ አፎቱን ለብ ባለ ውሃ ነከርኩ። ነከርኩ ማለት አልዘፈዘፍኩትም፤ አረፋው እስኪያበቃ ብቻ ነው። መቀሷን በስስ ፌስታል ጠቅልዬ አስገባሁና በአውራ ጣቴ ዙሪያዋን፣ ብሎኗን፣ ያቺን የምስር ፍሬ ጫፏን ሳይቀር እየተከተልኩ ተጫንኩት። ጣቶቼ የሪህ ጣቶች ናቸውና ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ከሌሊቱ አደረ። ፀሐይ ላይ ብታደርጉት ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል።

በማግስቱ መቀሷን ሳወጣት አፎቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። መልሼ ስከታት መጨረሻው ላይ «ጠቅ» አለች። ገልብጬ አራገፍኩት፤ አልወደቀችም። ለብቻዬ ሳቅሁ።

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ሰም ቀብቼ በጨርቅ እስኪያብረቀርቅ ፈተግሁት። ቀበቶ የሚገባበትን ማንጠልጠያ ከጀርባው ሰፋሁ። ቀለሙ ያው የጫማ ቀለም ነው።

የጤና ሰው ነኝና ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጫማ ሰፊ ማስቲሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ውጭ አየር ላይ ይሁን፤ ሽታው ጭንቅላት የሚያዞረው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ክዳኑንም ልጆች ከማይደርሱበት አጥብቃችሁ ክደኑ። ሌላው አባሰንጋ ነው። ፋብሪካ የለፋ ቆዳ አያሰጋም። ከገጠር ጥሬ ቆዳ አመጣለሁ ለምትሉ ግን፣ በድንገት የሞተን ከብት ቆዳ አትግፈፉ፣ አትንኩ። የበሽታው ዘር ደረቅ ቆዳ ላይ ለብዙ ዘመን ይቆያል። እጅ ወይም ክንድ ላይ የማያም እብጠት ወጥቶ መሐሉ እንደ ከሰል ከጠቆረ «አያመኝም» ብላችሁ አትተኙበት። በጊዜ ከተደረሰ በመድኃኒት ይድናል።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ መጣች። አፎቱን ከነመቀሷ ሰጠኋት። ወገቧ ላይ አስራ፣ መስታወት ፊት ቆማ እንደ ፊልም ፖሊስ መዘዘቻት። ሁለት ሦስት ጊዜ «ጠቅ» አደረገች። ከዚያ ፈታችውና ውስጡን በጣቷ እየዳበሰች ዝም አለች።

«አክስቴ፣ ይሄን በረኪና ውስጥ ስነክረው ምን ይሆናል?»

አየሁት። ለተማሪ ነርሶች ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው። ያገለገለ መሣሪያ በእኔ ጊዜ መጀመሪያ ዜሮ ነጥብ አምስት በመቶ በሆነ የክሎሪን ውሃ አሥር ደቂቃ ይነከር ነበር፣ ይታጠብ ነበር፣ ከዚያ ይቀቀል ወይም በእንፋሎት ይመከን ነበር። መቀሷ ይህን ሁሉ ትችላለች። ቆዳ ግን ሲሳ ነው፤ ደምና መግል ጠጥቶ ያስቀራል፣ በረኪና ያቃጥለዋል፣ አልኮል ያደርቀዋል፣ መቀቀል ጨርሶ ያኮማትረዋል። ከታጠበ መቀስ ጋር ያልታጠበ ቤት ልሰጣት ነበር። መቀሱ የሚጠራው ደግሞ በሊስተር ስም ነው፤ በ1867 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቁስልን ከጀርም በካርቦሊክ አሲድ መከላከልን ለዓለም ባሳወቀው በእንግሊዛዊው ሐኪም። አጥንቱ ሳይታዘበኝ አልቀረም።

ልጅቷ እንዳይከፋኝ ብላ «ቤት አስቀምጠዋለሁ» አለች። አላስቀመጠችውም፤ እኔው መለስኩት። መቀሷን ግን ወሰደች። እጀታዋ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠምጥማ ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀል አድርጋታለች፤ ከሥራ በኋላ ከሁሉም ጋር ተቀቅላ ትወጣለች። ተረኛ ስትሆን እየደወለች «መቀሽ ደህና ናት» ትለኛለች።

አፎቱን ጫማ ሰፊው ለምኖኝ ወሰደውና የዣንጥላው ምሰሶ ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ዓሣ ከሚበልቱት የአሞራ ገደል ልጆች አንዱ ለቢላው ጠይቆ ነበር፤ ጫማ ሰፊው ራሱ ነው «ሐይቅ ዳር ውሃ ያበሰብሰዋል፣ ገንዘብህን አታባክን» ብሎ የመለሰው። ፀጉር አስተካካዩ ግን ደረቅ ሥራ ነው ያለው። አንድ መቀስና አንድ ማበጠሪያ ጎን ለጎን የሚይዝ አዘዘ። ማን እንደሚሰፋው ሲጠይቁት ጫማ ሰፊው ወደ በርጩማዬ በአገጩ ይጠቁምና «ሲስተር ናት» ይላል። ጋሼ ከቤቱ ወደ ገበያ ሲሄድ የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። እስካሁን ምንም አላለኝም።

የፀጉር አስተካካዩን ባለፈው ሳምንት ሰፍቼ ጨረስኩ፤ ከ61 ቀዳዳ የተንገዳገዱት ሁለት ብቻ ናቸው። ማክሰኞ ሊወስደው ይመጣል። የቀረኝ ጠርዙን ሰም መቀባት ነው።